ከጀርባ መርፌ ስለ ጠበቁልኝ ልጄ

ባሕር ዳር፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አለበል፣ የሆስፒታሉ ሥራ አመራር ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

ክቡርነትዎ ከነሙሉ ጤናዎ፣ ከነወንበርዎና ከነማኅተምዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከጣና ደሴቶች በአንዱ ቅኔ የማስተምር መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት፣ ለመጻፍ የሚበቃ ዐይን ቀርቶልኛል፣ ተመስገን። ደብዳቤዬን በአደባባይ ያደረግሁት ሦስት ጊዜ ደጅ ጠንቼ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለ ተባልሁ ነው።

ልጄ የሻሽወርቅ የሃያ አራት ዓመት የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ልቧ ከልጅነቷ የታመመ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ የመረመሯት ሐኪም ምጡ ሲበረታ ልቧ ከአቅሟ በላይ እንደሚሮጥ፣ ሕመሙ ከበረደላት ግን ተስፋ እንዳላት ነገሯት። የማደንዘዣ ባለሙያው አቶ አገኘሁ ደግሞ በጀርባ በኩል በቀጭን ቱቦ ጥቂት በጥቂት የሚሰጠውን ማደንዘዣ ውጭ አገር ተምሮ መጥቷል። «እኅቴ፣ ምንም አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽሽም» አላት እኔ እየሰማሁ። «የደም ግፊትሽ ሊወርድ ይችላል፣ ራስሽንም ሊያምሽ ይችላል። ግን ከአጠገብሽ አልነሣም፤ ግፊትሽን በየአምስት ደቂቃው እለካለሁ። ላንቺ ከመርፌው ይልቅ የሚያሰጋሽ ሕመሙ ነው።»

ሐምሌ ፭ ቀን ጧት ምጧ መጣ። አቶ አገኘሁ ሁሉን አሰናድቷል፤ በሆስፒታሉ አዲስ ሕክምና ያለ እርስዎ ፈቃድ አይሰጥምና የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነበር። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በስብሰባው ደጅ ቆሞ ፊርማ ሲለምንዎ «የጀርባ መርፌ ሽባ ያደርጋል፤ ማን ሊጠየቅ ነው?» ብለው ስለ መለሱት አመሰግናለሁ። ማንን ሽባ እንዳደረገ ቢጠይቅዎ «ይባላል» ብለውታል። በእኛ የቅኔ ጉባኤ «ይባላል»ን ማስረጃ አድርጎ የሚያመጣ ተማሪ ከፊደል እንዲጀምር ይደረጋል፤ በእናንተ ዘንድ ግን ሊቀመንበር እንደሚሆን ስላስተማሩኝ ባለዕዳዎ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ጉዳዩን ለኮሚቴ ስለ መሩልን። ኮሚቴው ከቀትር በኋላ ሊሰበሰብ ተቀጠረ፤ ምልዓተ ጉባኤው ስላልሞላም ለማግሥቱ ተላለፈ። ምጥ ግን ቀጠሮ አያውቅም።

በዚህ መካከል ወደ እርሷ ገባሁ። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ትንፋሿ ከደረቷ አልፎ አይወርድም።

«አባቴ፣ ፈቀዱ?» አለችኝ።

«እየፈቀዱ ነው» አልሁ። ስድሳ ሁለት ዓመት ኖሬ ከዚያ የከፋ ውሸት አልወጣኝም።

«ይንገሩልኝ» አለች እጄን ይዛ፤ «ሽባ ብሆን እንኳ ቁጭ ብዬ አጠባዋለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወለደች፤ ሴት ናት። ልጅቱን ደረቷ ላይ አኖሩላት፤ ለመሳም ቀና ልትል ሞከረች፣ ትንፋሽ አጣች። ሳንባዋ ውኃ ሞልቶ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን ዐረፈች። አቶ አገኘሁ ያሰናዳውን መድኃኒት እንደ ያዘ ግድግዳ ተደግፎ ሲያለቅስ አየሁት።

ሦስተኛ፣ ኮሚቴው በማግሥቱ ተሰብስቦ «ባለጉዳይዋ በሕይወት ስለሌለች ጥያቄው ተዘግቷል» ብሎ በማኅተም ስለ ጻፈልኝ አመሰግናለሁ። ፍጥነቱ ደንቆኛል።

ክቡርነትዎ፣ ፍርድ አገኛለሁ ብዬ አይደለም የምጽፈው። አቶ አገኘሁን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛውራችሁታል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ነገም አንዲት የልብ ሕመምተኛ ትመጣለች፤ እርሷንም «ይባላል» ይሸኛታል። የልጅ ልጄ በላም ወተት እያደገች ነው። አፏን ስትፈታ እናቷን መጠየቋ አይቀርም፤ ያን ጊዜ በማኅተም የጻፋችሁልኝን ወረቀት አነብላታለሁ።

ጥንቃቄዎ ከሌላው ሰው ቤት እንዲርቅ የምጸልይ፣ ለአንዲት ፊርማዎ ያልበቃሁ፣ ደጅዎን መጥናቱንም የተውሁ፣

መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ አገርነሽ ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ በዚሁ በጀርባ መርፌ ታግዘው በሰላም እንደ ተገላገሉና ከአውሮፕላኑ በእግራቸው እንደ ወረዱ ሰማሁ፤ እንኳን ማርያም ማረቻቸው። ለእርሳቸው የፈቀደው ኮሚቴ የት እንደሚሰበሰብ ቢነግሩኝ፣ ለቀሩት ሴቶች አድራሻውን በሆስፒታሉ በር ላይ እለጥፋለሁ።