ጨው የጠየቀው ሰውዬ

ሊዮን፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ

ውድ እትዬ ዜሊ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ፊደሌ ካስቸገረሽ እህትሽ ታንብብልሽ። ሥራ በጀመርኩ ሳምንት «አንቱ» ስልሽ «አርጅቼ ነው ወይስ ጳጳስ ሆኜ?» ብለሽ ስለተቆጣሽኝ፣ አሁንም አንቺ እያልኩ እጽፍልሻለሁ።

ቀዩ መጽሐፍ ወጥቷል። ኮከባችን የለም።

ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው አስቀድሜ የጻፍኩት። ያቺ ኮከብ ለዳገቱ ሰፈራችን ምን እንደነበረች ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። የጎማ ነጋዴዎች ለመኪና መንገደኞች በሚያሳትሙት መጽሐፍ ውስጥ፣ ከእማማ ብሮሳር ምግብ ቤት ስም አጠገብ ያለች የዝንብ እግር የምታህል ምልክት ናት። ግን ለሦስት ዓመት የፓሪስ መኪና እስከ ወንዙ ድረስ ተሰልፎ ቆሞባታል። ዳቦ ጋጋሪው ሁለተኛ ምድጃ ሠርቶባታል። ሥጋ ሻጩ ሙሴ ቪያር በመስኮቱ ላይ «የባለ ኮከቡ ቤት ሥጋ አቅራቢ» ብሎ አስጽፎባታል። ጋዜጣው እንኳ ስለ ከተማችን ምግብ የሚጽፈው ኮከቦቿን እየቆጠረ ሆኖ ነበር። የሐር ሸማኔዎቹ ጠዋት ጠዋት ጨጓራና ወይን የሚቀምሱበት ረጅሙ ጠረጴዛም የተነሳው በእሷ ምክንያት ነው። እማማ «ለመኪና ሰዎች የነጭ ጨርቅ ቦታ ያስፈልጋል» ብላ ነበር። አባባ ቤኑዋ ከነሸማኔ ጓደኞቹ ቆቡን አውልቆ እጅ ነስቶ ሲወጣ፣ አንቺ ወደ ድስትሽ ዞረሽ ነበር። አየሁሽ።

አሁን ከወጥ ቤታችን ወደወጣሽበት ቀን ልምጣ።

በጥር ከያዘሽ ጉንፋን ስትነሺ አፍሽ ጣዕም መለየት ማቆሙን የነገርሽው ለእኔ ብቻ ነው። ጓዳ ውስጥ፣ ሽንኩርት እየላጥን። «ጨው ካልጣፈጠ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉታል፤ እኔንም እንደዚያ ነው የሚያደርጉኝ» አልሽኝ። ሠላሳ ዓመት የሸርጣን ስጎ የሠራች ሴት ስታለቅስ ማየት አልቻልኩም። ስለዚህ ምልክት አወጣን። አንቺ ትሠሪያለሽ፣ ሳህን አጣቢዋ እኔ ደግሞ ሳህን እንደማነሳ መስዬ በማንኪያ እቀምሳለሁ። አንድ ጣት ከሆነ ቁንጥጫ ጨው። ሁለት ጣት ከሆነ ሎሚ። እጄን ከጨበጥኩ ምንም አትንኪ፣ ሞልቷል።

በሕይወቴ ለሰው የተናገርኩት ሁሉ ተደምሮ በዚያ ማንኪያ የነገርኩሽን አያህልም። ሰው ፊት ስቆም ቃል ይጠፋኛል፤ አንቺ ጋ ግን ጣቴ ይበቃኝ ነበር። እኔ አንቺን እያዳንኩሽ እንደሆነ አይሰማኝም ነበር። አንቺ ነበርሽ እኔን ከዝምታዬ የምታድኚኝ።

ያ ቀን ጥቅምት መጨረሻ ነበር። አስተናጋጇ ለወንድሟ ሠርግ ሄዳ እማማ «ሊዮንቲን፣ አንቺ ወጥተሽ አስተናግጂ» ስትለኝ፣ «ማን ይቀምስልኛል?» የሚለውን ዓይንሽን አየሁት። «አልችልም» ማለት ነበረብኝ። ትሪውን አነሳሁ።

በስድስተኛው ጠረጴዛ ብቻውን የተቀመጠ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው ነበር። ብቻውን የሚበላ ሰው በታየ ቁጥር እማማ እንዴት እንደምትሆን ታውቂያለሽ፤ የመጽሐፉ ሰዎች ብቻቸውን፣ ሳይታወቁ ይመጣሉ ስለሚባል የበር እጀታ እንኳ ታስወለውላለች። የዓሣ ድቡልቡሉን ከነስጎው አቀረብኩለት። ሁለት ጊዜ ጎረሰ። ከዚያ፣ በጣም በትህትና፣ «የኔ ልጅ፣ ጨው ይኖራል?» አለኝ።

ቤቱ ጸጥ አለ። በእማማ ብሮሳር ቤት ጠረጴዛ ላይ ጨው ኖሮ አያውቅም፤ የጠየቀ ሁሉ ተገላምጦ ነው የወጣው። እማማ ጭልፋዋን እንደያዘች መጣች። «ጌታዬ፣ እዚህ ቤት ጨው ወጥ ቤት ገብቶ ነው የሚወጣው!» አለችና፣ ልታሳፍረው ፈልጋ፣ ከራሱ ሳህን ላይ ዳቦ አጥቅሳ ጎረሰች።

ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ወደ ወጥ ቤት ገባች፣ ተከተልኳት።

«ዜሊ! ምንድን ነው ያበሰልሽው፣ ውሃ?»

አንቺ እኔን አየሽኝ። እኔ ሳህኖቹን አየሁ።

ያ ነው የኔ ጥፋት፣ እትዬ ዜሊ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አንቺ ሽርጥሽን ፈታሽ፣ ምስማሩ ላይ ሰቀልሽ፣ ስለ ምላስሽም ስለ እኔም አንድ ቃል ሳትተነፍሺ ወጣሽ። እኔን ለማዳን ዝም እንዳልሽ ገብቶኛል። እኔ ግን ዝም ያልኩት ስለፈራሁ ነው። ሁለቱ ዝምታዎች አንድ አይደሉም።

ከዚያ ወዲህ እማማ ስጎውን እኔ እንድሞክር አድርጋ ነበር። ምን እንደጎደለው አውቃለሁ፤ እንዴት እንደሚሞላ ግን አላውቅም። ቅቤው ይለያያል፣ ክሬሙ ይረጋል። ከደጁ የሚቆመው መኪና ሳምንት በሳምንት ቀነሰ።

ባለፈው ቅዳሜ ሙሴ ቪያር መጽሐፉን ከጣቢያ ገዝቶ እየሮጠ መጣና ደጃፉ ላይ ቆሞ ገለጠው። ገጹን ሁለት ጊዜ አገላበጠ።

«ስማችን አለ?» አለች እማማ።

«ስሙ አለ።»

«እንግዲያስ አልሞትንም። ምልክቷስ?»

ሙሴ ቪያር መጽሐፉን ዘጋው። «እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ከድሮም ጀምሮ ስጎው ሳስቷል እል ነበር። የዜሊ እጅ ካለቀ ቆይቷል» አለ።

እትዬ ዜሊ፣ ይህ ሰው ባለፈው በጋ ሳህኑን በዳቦ ወልውሎ ሲያበቃ ጣቱን ሲልስ ያየሁት ሰው ነው! ያን ጊዜ አንድ ነገር ታየኝ። አንቺ ምላስሽ ሲጠፋ የእኔን ተዋስሽ፤ ታመሽ ነው፣ ማንም አይፈርድብሽም። እነሱ ግን ምላሳቸው ደህና ሆኖ ሳለ ለመጽሐፉ አውሰውታል። ኮከብ ሲኖር ጣፈጣቸው፣ ኮከብ ሲወሰድ መረራቸው።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ «ውሸት ነው!» አልኩ። ጮክ ብዬ። ድምፄን እኔም አላወቅኩትም።

«ይቺ ልጅ መናገር ትችላለች እንዴ?» አለ ሙሴ ቪያር።

ሁሉንም ተናገርኩ። ጉንፋኑን፣ ማንኪያውን፣ ጣቶቹን። እያለቀስኩ ስለነበር ግማሹ የተሰማ አይመስለኝም። እማማ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሷ ሥራ ላይ ስትቀመጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?

«ስንት ወር?» አለችኝ።

«ከጥር እስከ ጥቅምት።»

«እና ያን ሁሉ ጊዜ የቀመስሽው አንቺ ነሽ?»

«እጁ የእትዬ ዜሊ ነው፣ እማማ። እኔ ጣት ብቻ ነው ያነሳሁት።»

ትቆጣለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን እንዲህ አለች፦ «አሥር ወር ሙሉ በገዛ ወጥ ቤቴ የሆነውን አላወቅኩም። ድሮ እያንዳንዱን ድስት እቀምስ ነበር። ኮከቧ ከመጣች ወዲህ ብቻውን የሚበላ ሰው መጣ ወይ ብዬ በር በሩን ሳይ ኖርኩ።» ከዚያ ወደ ሙሴ ቪያር ዞረች። «አንተ ደግሞ ሂድ፣ መስኮትህን ፋቅ።»

ሰኞ ጠዋት ረጅሙ ጠረጴዛ ተመለሰ። አባባ ቤኑዋ ሸማኔዎቹን አስከትሎ መጥቶ ግድግዳውን ዙሪያውን አየና «ኮከቧ ሄደች አሉ፤ ምነው ቀደም ብላ በሄደች! ሦስት ዓመት ጾም አስያዘችን እኮ» አለ። እማማ በፎጣ መታችው፤ ግን እየሳቀች ነበር። ትናንት ጨጓራው ቶሎ አለቀ። ከመኪና ሰዎችም ሁለት መጥተዋል፤ ከሸማኔዎቹ ጎን ተቀምጠው በሉ፣ ቅር አላላቸውም። እማማ ኮከቧን አልረሳቻትም፣ እንዳትሳሳቺ። «ከፈለገች ትመለስ፤ በር በሯን ግን አላይም» ነው የምትለው።

ጻፊላት ያለችኝም እሷ ናት። ቃሏን እንዳለ ላስቀምጥልሽ፦ «ይቺን ግትር ሴትዮ በያት፦ እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ምላስ ያለው ሰው ሞልቶኛል፤ እጅ ያለው ግን አንድም የለኝም። የጮህኩባትን ጩኸት ደግሞ ሰው ሁሉ ፊት ነው የምመልሰው።» አንቺ ታውቂያታለሽ፣ ከዚህ በላይ ይቅርታ ከአፏ አይወጣም። ሽርጥሽ ከምስማሩ አልወረደም። አዲሷ ሳህን አጣቢ ልትለብሰው ብታነሳው እማማ እጇን በማንኪያ መታቻት።

እኔም በራሴ ልጠይቅሽ፦ ይቅር በይኝ።

እሑድ ቤቱ ዝግ ነው። በጠዋቱ ባቡር እህትሽ መንደር ትሬቩ እመጣለሁ። ሸርጣኖቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አመጣለሁ፤ ጨው የእህትሽ ቤት አይጠፋም። በእሷ ምድጃ ላይ ስጎውን ሥሪልኝ። አሁን ከኋላሽ ተደብቄ አልቀምስም፤ ፊት ለፊትሽ፣ እህትሽ እያየችን እቆማለሁ። አንድ ጣት ካነሳሁ አትደንግጪ። እጄን እስክጨብጥ ድረስ ቀን ሙሉ እንሠራለን።

እምቢ ብትዪኝም ስጎውን በልቼ፣ ጉንጭሽን ስሜ እመለሳለሁ፤ አላስገድድሽም። ግን የመመለሻውን ቲኬት ሁለት አድርጌ ነው የምቆርጠው።

እስከ እሑድ፣
ምላስሽ ሊዮንቲን