«ካት» ከተባለ በኋላ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ አሸናፊ፣ የሰመራ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ጌታ ይመስገን፣ ደኅና ነን።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሠሩት አጭር ፊልም ላይ እማዬ ዓሣ ሻጭ ሆና ተውናለች ብልህ ታምናለህ? ርእሱንና መጨረሻ ላይ የሚያልፉትን ስሞች የምሠራው ደግሞ እኔ ነኝ። ዳይሬክተሩ ምንያህል፣ «‹ካት› ካልኩ በኋላ እንኳን ትወናዋን አላቆመችም! ስሞቹ በዚያ ምስል ላይ ይለፉ» አለኝ።

ለጽሑፉ ባዶ ቦታ ስፈልግ ምስሉን ደጋግሜ አየሁት። ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያዞር ግድግዳ ተደግፋ፣ ጎኗን ይዛ፣ ትንፋሽ አጥሯት... አሼ፣ ክው ብዬ ቀረሁ! ስሞቹን በባዶ ጥቁር ላይ አሳለፍኳቸው። ብጠይቃት «ትወና ነዋ!» ብላ ሳቀች።

ሰላም ብላሃለች። ዘንድሮ ለፊቼ በዓል ና፤ ለከርሞ አትበል።

እህትህ ወንጌላዊት፣ ከሀዋሳ