ማርቆስ እንሰት ሲፋቅ አየ

ሰኞ

እሺ አለ። ማርቆስ መጥቶ እንሰት ስንፍቅ ሊያይ እሺ አለ። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ለባጃጁ ሹፌር ሳይቀር ነገርኩት፤ ምን እንደሚመልስልኝ ግራ ገባው።

ደስታው ግን ሐፍረት ይዞ ነው የመጣው። ማርቆስ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ መናኸሪያው ጋ ብየዳ ይሠራል። ሚስቱ አስቴር ባጃጅ ተገልብጦባት ቀኝ እጇ ተሰበረ፤ አጥንቱ ገጠመ፣ ጉልበቱ ግን አልተመለሰም። ጓሮዋ የደረሰ እንሰት ሞልቶ እኛ ስንፍቅላት እሷ ውሃ እያቀበለች ታለቅሳለች። ለእሷ ብሎ በእግር የሚረገጥ የመፋቂያ ማሽን ሠራ።

ሞከርነው። ቃጫውን በጣጥሶ ከቆጮው ጋር ደባለቀው። እዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም፣ ያየሁትን ነው ያልኩት። ግን እዚያ ላይ አላቆምኩም። በሰፈሩ ሴቶች ፊት "ብረትህን በር ሥራበት፤ ወንድ ስለ እንሰት ምን ያውቃል?" ብዬ ሳቅሁ። እንሰት መፋቅ ላይ የኔን ቃል የሚጥል የለም፣ ሁሉም ሳቁ። እሱ ሸራ አልብሶ ይዞት ሄደ።

ትናንት አስቴር እውነትም ለበር ሊቆራርጠው መሆኑን ነገረችኝ። ቀጥላም "የምሕረት እናት፣ ከየት ይወቅ? ስትፍቂ ወንድ እንዳያይ አጥሩን የምትዘጊው አንቺ ነሽ" አለችኝ።

አጥሩን የምዘጋው እኔ፣ አታውቅም ብዬ የሳቅሁትም እኔ፣ አፌ የማያርፈው። ዛሬ ብየዳ ቤቱ ድረስ ሄጄ "አትቁረጠው፣ መጥተህ እየኝ" አልኩት።

ማክሰኞ

ለሴቶቹ ነገርኳቸው። ጉድ ፈላ። ጎረቤቴ አልማዝ "ወንድ ያየው ቆጮ ይበላሻል" አለች።

"እናትሽ ነግራሻለች፣ እናቴም ነግራኛለች። አይታ ያረጋገጠች ማን ናት?" አልኳት።

"ካማረሽ ቀሚስ አልብሰሽ አምጪው" ብላ አሳቀችብኝ። ሲስቁብኝ ጆሮዬ ጋለ። ማርቆስ ይሄን ነው ችሎ የሄደው።

አልማዝም ግን ሞኝ አይደለችም። "እሱ ያየው ቆጮ ከኛው ጋር አይቀላቀል፤ ለብቻው ጉድጓድ ይግባና ቀምሰን እንፈርዳለን" አለች። ይሄ ልክ ነው። እኔስ መጀመሪያውኑ እንዲህ ብል ምን ነበረበት?

ሐሙስ

አየ።

ስንፍቅ አንድ እግር ወደ ላይ ይሰቀልና እንሰቱ ጣውላው ላይ በተረከዝ ይያዛል፣ ቀሚስ ይገለጣል፤ ወንድ የሚከለከለው ለዚያ ይመስለኛል። የልጄን የምሕረትን የስፖርት ሱሪ ከቀሚሴ ሥር ለበስኩ፤ አልማዝ ስታየኝ በሳቅ ሞተች። ማርቆስ መጀመሪያ አጥሩን ብቻ ነበር የሚያየው።

"እጄን እይ እንጂ፣ አጥሩ አይፋቅም" አልኩት።

ከዚያ አፈጠጠ። "ጫፉ ላይ ስትደርሺ እጅሽን ለምን ታላያለሽ?" አለኝ። ማላላቴን እኔም አላውቅም ነበር። የምፍቅበት ቀርከሃ ይለመጣል፣ ገፍቶ ያልፋል፤ የሱ ብረት ድርቅ ብሎ ይቆርጣል። "ስፕሪንግ ነው የጎደለው" ብሎ በጭቃው ውስጥ እየሮጠ ሄደ። ይህችን ለማየት አንድ ጠዋት በቃው። አንድ ጠዋት ነው የከለከልኩት።

ቅዳሜ

አስቴር ፋቀች። ስፕሪንግ የገባለትን ማሽን በእግሯ እየረገጠች፣ በደህናው እጇ እያቀበለች። ቃጫው ረጅም ሆኖ ወጣ፤ ይዛው ለሁሉም አሳየች፣ ለእኔ ሁለቴ።

ከሥሩ በኩል ያለው አሁንም ይበጠሳል። አልደበቅሁትም፣ "እዚህ ጋ ይበጠሳል" አልኩት፣ ሳልስቅ።

"እንዲህ ንገሪኝ እንጂ" አለኝ ማርቆስ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። ይቅርታ ልለው አስቤ ስለ ዝናቡ አወራሁ።

ቆጮው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ለብቻው ጉድጓድ ገብቷል። ይንጣ ይጥቆር፣ ይጣፍጥ ይምረር አላውቅም። የሳቅሁት በሰው ፊት ነው፣ ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን። የሳቁትን ሁሉ ከነባሎቻቸው ጠርቻለሁ፣ አልማዝን ሁለት ጊዜ። ጉድጓዱ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ይከፈታል፣ ቅቤ የጠገበው የቆጮ ምግባችን ሙቹዋ አስቴር ቤት ይቀርባል። ቢመርም መጥተው ይቅመሱት። የጊፋታ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፤ አንድም ሰው እንዳይቀር።