የቅርቡ ውሃ

ወንድም ጋሼ፣ ናፍቆቴ ከደብዳቤዬ ቀድሞ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን።

በቴሌስኮፓችን ገና በመወለድ ላይ ባለ ኮከብ ዙሪያ የውሃ ተን አገኘን፤ ባልደረቦቼ ጮቤ ረገጡ። የሩቁን ለማየት መጀመሪያ የራሳችንን አየር እርጥበት ከልኬቱ እንቀንሳለን፤ አለዚያ የኛው ውሃ ያሳስተናል።

ለእማዬ ብነግራት «ያን ያህል ካለማ ለእኔም አንድ ጆግ ቅጂልኝ» ብላ አሳቀችኝ። አሁን አሁን ጆግ ከራስጌዋ አይጠፋም። ሞልቼው ወጥቼ ስመለስ ባዶ ነው። «ሙቀቱ ነው» ትላለች፤ እኔ ሹራብ ደርቤ ነው የምሰማት። ቀሚሷንም እንደገና አጠበብኩላት። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት «አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ» ትለኛለች። አንተን ግን እምቢ አትልም።

የቅርቡን ውሃ ቀንሶ የሩቁን ማየት ሥራዬ ነው፤ ቤት ስገባ ግን አልቀነስ አለኝ።

በል ሰላም ሁንልኝ፤ ጠራችኝ፣ ጆጉን ልሙላላት።

እህትህ