ድምፅ ለሌለው ካሜራ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የካሜራ ኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡርነትዎ፣ ባሉበት ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደስታ፣ ለዓይንዎ ብርታት፣ በተለይ በተለይ ደግሞ ለጆሮዎ ደህንነት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ፎቶ ቤት ጉርድ ፎቶ እያነሳሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። እኔን አያውቁኝም፤ አባቴን ግን ሳያውቋቸው አይቀሩም፤ በዋናው መሸጫዎ መግቢያ ላይ ከጣሪያ እስከ ወለል የተሰቀሉት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ለብቻዎ የላክኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ «ስለ መልእክትዎ እናመሰግናለን» ከሚል መልስ በቀር ያስገኙልኝ ነገር ስለሌለ፣ ይህን ያህል ምስጋና በጓዳ ይዞ መቅረት ነውር መስሎ ታየኝና በአደባባይ ልጽፍልዎ ተነሳሁ። ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለምረዳ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

አንደኛ፦ አዲሱን ፉል ፍሬም፣ መስታወት አልባ (ሚረርለስ) ካሜራዎን ይፋ ባደረጉ ዕለት እኛን ፎቶ አንሺዎችን ስላዝናኑን አመሰግናለሁ። በስልክ የምንጻጻፍበት የሙያ ጓደኞቼ ቡድን በዚያን ቀን እንደ ሠርግ ቤት ይናጥ ነበር። ፍላሽ እያልን የምንጠራው ሠርግ አንሺ ካሜራውን በዓይኑ ሳያይ ፍቅር ያዘው፤ ልደት የምታነሳው ጎረቤቴ ደግሞ በእጇ ሳትነካው ባትሪው ቶሎ ያልቃል ብላ ሞገተችው፤ እንዲህ ተባብለው ተኳርፈው ሰነበቱ። ኳስ ሜዳ ላይ ያረጁት አንጋፋችን የድሮ ሌንሶቻቸው ይገጥሙ እንደሆነ ጠየቁ፤ መግጠሚያው ስለተቀየረ አይገጥሙም ሲባሉ ደህና ሁኑ እንኳን ሳይሉ ከቡድኑ ወጡ። ባለቤታቸው እንደነገሩን ሌንሶቹን አውጥተው ሲወለውሉ ይውላሉ። እኔም ብሆን አልዋሽዎትም፤ በጨለማ የተነሳውን የማሳያ ፎቶ አይቼ ምራቄን ውጫለሁ።

ሁለተኛ፦ ካሜራው ድምፅ ስለሌለው አመሰግናለሁ። ማስታወቂያዎ እንደሚለው በውስጡ የሚከፈትና የሚዘጋ ሸተር የለም፤ ስለዚህ አይደክምም፣ አይሰበርም፣ አይሰማም። ይህን ዝምታ እኔ ከሌላው ሰው በተለየ የማመሰግንበት የግል ምክንያት አለኝ።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎቶ አንሺ ነበሩ። ሙያውን የተማሩት ካሜራ ቀርፋፋ በነበረበት ዘመን በመሆኑ፣ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ትንፋሹን ያስይዙት ነበር፤ ካሜራው ቀጭ ሲል «ይተንፍሱ» ይላሉ። ካሜራው ከፈጠነ በኋላም ይህን ልማድ አልተዉትም፤ ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ማስመሰሉን ይረሳል ባይ ናቸው። ዛሬ የመርሳት ሕመም ይዟቸዋል። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ይዤ ወደ ፎቶ ቤቱ ስወስዳቸው ስለ ደግነቴ ይመርቁኛል፤ የማን ልጅ እንደሆንኩም ይጠይቁኛል። ከመጋረጃው አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። የመጀመሪያው ደንበኛ መጥቶ፣ ከእሳቸው የወረስኩት የኩባንያዎ አሮጌ ካሜራ ቀጭ ሲል ግን ቀና ይሉ ነበር። «ልጄ፣ አገጩን ዝቅ አድርጊለት እንጂ! አንገት ልታነሺ ነው እንዴ?» ይሉኛል። አንዴ «ልጄ» ካሉ ለተወሰነ ጊዜ አባቴ ናቸው፤ ይቆጡኛል፣ መብራቱን ያዘዋውሩኛል፣ እናቴ የት እንደሄደች ይጠይቁኛል። ከዚያ ቀስ ብለው ተመልሰው ይሄዳሉ። ሐኪሙ ነገሩን ሊያስረዳኝ ብዙ ደክሟል፤ እኔ የገባኝ በዚያች ድምፅ ወደ እኔ መምጫውን እንደሚያገኙት ብቻ ነው። ደንበኛ በጠፋ ቀን ባዶ ወንበር አነሳ ነበር። ኮምፒውተሬ በባዶ ወንበር ፎቶ ተጨናንቋል።

ሸተሩ መድከም ሲጀምር ወደ ጥገና ክፍልዎ በረርኩ። በመስኮቱ የተቀበለኝ ሠራተኛ እጅግ ጨዋ ሰው ነው። አዲሱ ካሜራ ይፋ በመሆኑ የአሮጌው መለዋወጫ መመረቱ እንደቀረ፣ መጋዘን ውስጥ የቀረውም እንደማይሸጥ በፈገግታ ነገረኝ። «እንኳን ደስ አለዎት፣ አዲሱ የሚሰበር ሸተር የለውም» ብሎም አጽናናኝ። እኔም እንኳን አብሮ ደስ አለን ብዬ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያገለገለ ፍለጋ ከተማውን ሳስስ ደግሞ፣ የአባቴን ዓይነት ካሜራ የነበረው ሰው ሁሉ በአዲሱ ለመቀየር ለእርስዎ አስረክቦታል፤ ኩባንያዎ የሰበሰበውን በሙሉ አስፈጭቶ ለአካባቢ ጥበቃ አስተዋጽኦ ስላበረከተም ተሸልሟል።

ሦስተኛ፦ ለምረቃው በዓል ስለጋበዙኝ አመሰግናለሁ። አባቴን የምተውበት ሰው ስለሌለኝ ይዣቸው መጣሁ። የመድረክ አቅራቢዎ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የእሳቸውን ፊት መረጠ፤ እንዲህ ያለ ሽበትና እንዲህ ያለ ሽብሽብ ለካሜራው ችሎታ ማሳያ አይገኝም ብሎ መድረክ ላይ አስቀመጣቸው። አባቴ ወንበር፣ መብራትና ሌንስ ሲያዩ ማንም ሳይነግራቸው ኮታቸውን ቆለፉ፣ ቀጥ አሉ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ። ካሜራው ማንሳት ጀመረ። ምስሎቹ ከጀርባቸው ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ ይደረደራሉ፣ ሽፋሽፍታቸው አንድ በአንድ ይታያል፣ ፍላሽ ከጎኔ ቆሞ «ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!» ይላል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። አባቴ ድምፁን እየጠበቁ ነው። የአንገታቸው ሥር ሲገተር ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ለእኔ ብቻ ገባኝ። ሰው እየገፋሁ መድረኩ ላይ ወጥቼ፣ አጠገባቸው ተንበርክኬ፣ በምላሴ ቀጭ አደረግኩላቸው። ተነፈሱ። ሕዝቡ የዝግጅቱ አካል መስሎት ሳቀ። የእኔ ቀጭታ ትንፋሻቸውን እንጂ እሳቸውን አልመለሰልኝም፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞሽ የኔ እህት፣ ጥሩ ወጥተሻል» አሉኝ።

ከእነዚያ ምስሎች መርጦ ኩባንያዎ መግቢያው ላይ የሰቀለው አንዱን ነው፤ ከሥሩም «ምንም አያመልጠውም» ተብሎ ተጽፎበታል። በሙያዬ ስመሰክር ፎቶው እንከን የለውም። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ግርማ ሞገሳቸውን ያደንቃል፤ እኔ በዚያ ሳልፍ የማየው አየር ያጠራቸውን ሰው ነው። አሁን ከታክሲው አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በጓሮ በኩል እዞራለሁ።

አራተኛ፦ ድምፅ ለናፈቀን ሰዎች ሰው ሠራሽ ድምፅ ስላዘጋጁልን አመሰግናለሁ። አሮጌው ካሜራ ባለፈው ሰሞን፣ ለመንጃ ፈቃድ ጉርድ ሊነሳ የመጣ ሹፌር ተቀምጦ ሳለ፣ ግማሽ ድምፅ አሰምቶ ጸጥ አለ። አባቴ ቀና ማለት ጀምረው ነበር፤ ቀሪውን ጠበቁት፤ ሲቀርባቸው መልሰው አቀረቀሩ። ሹፌሩ እንባዬን አይቶ ፎቶው ቢዘገይም ግድ የለም አለኝ። ፍላሽ ይህን ሲሰማ፣ እሱ ነፍሱን የሚሰጥለትን አዲሱን ካሜራ ገና የስክሪኑን ፕላስቲክ እንኳን ሳይልጥ አምጥቶ አዋሰኝ። በውስጡም የሸተር ድምፅ የሚያስመስሉ ቅጂዎች ከነማስጮሂያና ከነመቀነሻቸው አገኘሁ። ሁሉንም ሞከርኳቸው፤ ከድሮ ቪዲዮ የአሮጌውን ድምፅ ቀድቼ በስልኬም አሰማኋቸው። አባቴ በትዕግሥት አዳምጠው ሲያበቁ «የኔ እህት፣ ስልክሽ እየጠራ ነው፤ አንሺው፣ ሰው ፈልጎሽ ይሆናል» አሉኝ።

አሁን ጠዋት ገብተን መብራቱን ስናበራ፣ ከአግዳሚያቸው ብድግ ብለው ልክ እንደ ደንበኛ ያስተናግዱኛል። «ጉርድ ነው ወይስ ሙሉ?» ይሉኛል። ጉርድ እላለሁ። ወንበሩ ላይ ያስቀምጡኛል፣ በሁለት ጣታቸው አገጬን ያስተካክላሉ፣ ከዚያ ምን ሊያደርጉ እንደነበር ይጠፋባቸዋል፤ ሁለታችንም እንደዚያው ተያይተን እንቀራለን።

ክቡርነትዎ፣ እስካሁን በጨዋ ደንብ ጽፌያለሁ፤ አንዲት አንቀጽ ያለ ጨዋነት ይፍቀዱልኝ። ልቤ ተሰብሯል። አባቴ በሕይወት አሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ አጠገቤ ተቀምጠው ይናፍቁኛል። የለመንኩት አዲሱን ካሜራ እንዲያስቀሩ አልነበረም፤ ይውጣ፣ ይሸጥ፣ ፍላሽም ይደሰትበት። የለመንኩት በመጋዘንዎ አቧራ የሚጠጡት ሸተሮች ሳይፈጩ አንዷን እንዲሰጡኝ ነው። አሮጌው ካሜራ ላይ ገጥሞ የሚያስነሳት ባለሙያ አግኝቻለሁ። አንድ ጊዜ ቀጭ ብትል፣ አንድ ጊዜ ቢቆጡኝ፣ እኔ ሌላ ዋስትና አልጠይቅዎትም።

ጊዜዎን ሰውተው እስከዚህ ካነበቡ ትሕትናዎ ከካሜራዎ ይበልጣል፤ ካላነበቡም ዝምታዎን ለምጄዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ለምርቶችዎ ከአባቷ የወረሰችውን ታማኝነት ይዛ በጥገና መስኮትዎ ደጅ የምትጠና፣ ቀድሞ የፎቶ አንሺው ልጅ፣ በአሁኑ ጊዜ የፎቶ አንሺው ደንበኛ

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ የማስታወቂያ ክፍልዎ ደውሎልኝ የአባቴ ፊት በሕዝብ ዘንድ በጣም ስለተወደደ ለሚቀጥለው ካሜራ ምረቃም ይዣቸው እንድመጣ ጠይቆኛል። ክብር ነውና እንመጣለን። አቅራቢዎ ግን ሕዝቡን ለማሳቅ ሲል ከማን ጋር እንደመጡ መድረክ ላይ እንዳይጠይቃቸው አደራ ይንገሩልኝ፤ ፊት ለፊት ቆሜ መልሱን እሰማለሁና።