የመዳቡ ድስት

ለንደን፣ ሰኞ ማርች 6፣ 1967

ዝናብ። ዛሬም አሥራ አራት ኦክቶፐስ ቀቀልኩ፣ ያን ስምንት እጅ ያለውን የባሕር እንስሳ። ሽታው ከእጄ አልለቅ ብሏል፤ ሎሚውም ሳሙናውም ተሸነፉ።

የእናቴ ደብዳቤ መጣ። እሷ መጻፍ ስለማትችል የሰፈራችን ቄስ ናቸው የጻፉላት። የሳቤላ የመጀመሪያ ቁርባን ሜይ 21 ነው። ነጩን ቀሚስ አክስቷ እየሰፋችላት ነው። "እናቷ ካልመጣች ማን እጇን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ያስገባታል?" ይላል። ከታች ልጄ ራሷ በእርሳስ ጽፋለች፦ "ውድ ኤርሚንያ፣ እማማ ደህና ናት።"

እማማ የምትላት አያቷን ነው። እኔ ኤርሚንያ ነኝ። ጥያት ስመጣ ሦስት ዓመቷ ነበር... ምን ትበለኝ ታዲያ?

ረቡዕ፣ ማርች 8

ከመክፈታችን በፊት ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ሲበላ ዶን ኤቫሪስቶን ጠየቅኩት። የምግብ ቤቱ ባለቤት እሱ ነው፣ እንደኔው የስፔን ጋሊሺያ ሰው፣ የኛው ሸለቆ ልጅ። ወደዚህ ያመጣኝም እሱ። በመጣሁ ማግስት "እንዳይጠፋብሽ" ብሎ ፓስፖርቴን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

"ሁለት ሳምንት ብቻ ይፍቀዱልኝ" አልኩት።

ከሳህኑ ቀና አላለም። "ልጄ፣ ሜይ ላይ ኦክቶፐሱን ማን ይቀቅልልኛል? ሰው የሚመጣው ላንቺ እጅ ነው።"

 የሥራ ፈቃዴ ከዚህ ቤት ጋር የታሰረ ነው። ጥዬ ብሄድ ለመንግሥት አንድ ወረቀት ይጽፋል፣ አለቀ። ጁላይ ላይ ግን አራት ዓመት ይሞላኛል። ያኔ የትም መሥራት፣ ሳቤላንም ማምጣት እችላለሁ። ቁርባኑ ከዚያ በሁለት ወር ይቀድማል። ሁለት ወር!

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱን የያዘው ግን ሞኝ አይደለም።

እሑድ፣ ማርች 19

ሌአንድሮ ድንች እየላጠ ሲያሾፍብኝ ዋለ። የደቡብ ስፔን፣ የአንዳሉሲያ ሰው ነው፤ አምሳ ዓመት አልፎታል፣ ሳህን ያጥባል። "እናንተ ጋሊሺያዎች ደረጃ ላይ ብትገኙ ትወጡ ትወርዱ እንደሁ አይታወቅም" አለኝ። የድሮ ቀልድ ነው። ግን አልሳቅኩም፣ እሱም ማሾፉን ተወ።

"ኦክቶፐሱን ስታጠልቂ ለምንድነው ጀርባሽን የምታዞሪብን?"

የእናቴ ምክር ነው አልኩት። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በየገበያው ኦክቶፐስ ስትቀቅል የኖረች ናት። ሙያሽን ያሳየሽ ዕለት ጉሮሮሽን ዘጋሽ ትለኝ ነበር።

"ሌላ የሚችል ሰው ቢኖር ይለቅሽ ነበር" አለ ሌአንድሮ። "የለም። ለምን የለም?"

ሰኞ፣ ማርች 20

ሌአንድሮን ቀኑን ሙሉ አላናገርኩትም። እውነቱን ነዋ የነገረኝ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 4

ዶን ኤቫሪስቶ ጠዋት ጠዋት ገበያ ሲሄድ ሌአንድሮን ማስተማር ጀመርኩ። እናቴ ይቅር ትበለኝ... ራሱን በመንጠቆ ያዝ፣ የፈላው ውኃ ውስጥ ንከር፣ አውጣ። አንድ የማርያም ጸሎት እስኪያልቅ ጠብቅ። እንደገና ንከር። ሦስቴ። እጆቹ የሚጠቀለሉት በሦስተኛው ነው። ከዚያ በኋላ ነው የሚቀቀለው፤ ጨው እሳት ላይ እያለ አይነካውም።

ሌአንድሮ ጸሎቱን ግማሽ ላይ ይረሳዋል። በምትኩ የሰባት ወንድሞቹን ስም እየጠራ ይቆጥራል። ሁለቱ በአገራችን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ሞተዋል፤ እነሱ ጋ ሲደርስ ዝግ ይላል። የዛሬው ጎማ ሆነብን። እኛው በላነው።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 28

ዛሬ ደግሞ ፈረሰብን። ሦስት ሳምንት ቀረኝ። ቢሳካስ? ዶን ኤቫሪስቶ "እንግዲያው አታስፈልጊኝም" ቢለኝስ? አራት ዓመት ሙሉ መከታዬ ነው ያልኩትን በገዛ እጄ እያፈረስኩ ነው። እፈራለሁ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 9

ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ ተቀምጧል። ዶን ኤቫሪስቶ በላ፣ ሳህኑን በዳቦ ጠረገ። "ዛሬስ እጅሽ ተባርኳል" አለኝ።

"እጁ የኔ አይደለም፣ የሌአንድሮ ነው" አልኩት።

 ሌአንድሮ አንገቱን ደፋ። ዶን ኤቫሪስቶ እሱንም እኔንም አየና ተነስቶ ወጣ።

ረቡዕ፣ ሜይ 10

ዶን ኤቫሪስቶ ፓስፖርቴን የዱቄት ጆንያው ላይ ወረወረልኝ። "ጁን 1 እዚህ ካልተገኘሽ እጽፋለሁ። አሁን የሚቀቅልልኝ አለ።"

ዱቄቱን ከፓስፖርቱ ላይ አራገፍኩ። ፎቶው ላይ እንዴት ልጅ ነበርኩ!

ሐሙስ፣ ሜይ 18

ቤት ገባሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ባቡርና መርከብ ነበር። ሳቤላ ከአያቷ ቀሚስ ጀርባ ብቅ ብላ "ፎቶው ላይ ያለሽው ነሽ?" አለችኝ። ልስማት ስል ሸሸች። 

እሑድ፣ ሜይ 21

ቤተ ክርስቲያን ስንገባ አንዲት ጣቴን ብቻ ያዘች። ያቺ አንዲቷም በዛችብኝ... አለቀስኩ።

የእናቴ ጣቶች ታጥፈው ቀርተዋል፤ ለድግሱ ኦክቶፐሱን የቀቀልኩት እኔ ነኝ፣ በእሷ የመዳብ ድስት። ጀርባዬን አላዞርኩም። ሳቤላ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቤ ቆመች። ለምን ሦስቴ? ለምን አይጮህም? መልሱን ሳልጨርስ ሌላ ትጠይቃለች። ከሁለተኛው ንክር በኋላ ጸሎቱን አብራኝ ደገመች፣ አንድ ቃል ሳትስት።

ሰኞ፣ ሜይ 29

ሻንጣዬን ስዘጋ አየችኝ። "ያ የነገርሽኝ ሌአንድሮ ይቀቅል የለ?" አለች። ሁለት ወር ብቻ፣ ከዚያ መጥቼ እወስድሻለሁ አልኳት። "ያኔም እንዲህ ብለሽ ነበር፣ እማማ ነግራኛለች።" 

ማክሰኞ፣ ሜይ 30

አውቶቡሱ ዛሬ ጠዋት ነው፤ ካመለጠኝ ጁን 1 ለንደን አልደርስም። ፓስፖርቴ የለም። ሻንጣውን ገለበጥኩ፣ ፍራሹን አነሳሁ። እናቴ ጓዳውን ታተራምሳለች። ሳቤላ የቁርባኗን ነጭ ጫማ ተጫምታ ደፉ ላይ ተቀምጣለች። ምን ጠፋ ብላ እንኳ አልጠየቀችም።

የመዳቡ ድስት ምድጃው አጠገብ ነበር። ክዳኑን አነሳሁ። ፓስፖርቴ በሳቤላ ነጭ መሐረብ ተጠቅልሎ ውስጡ ተቀምጧል።

ዞር ስል ዓይኗ እኔ ላይ ነው። አላለቀሰችም። ብቻ ትጠብቃለች።

መልሼ ከደንኩት።

አውቶቡሱ ሁለቴ ጡሩምባውን ነፋ። "አገኘሽው?" አለች እናቴ ከጓዳ።

"አላገኘሁትም" አልኳት።