ከቆሻሻ ቅርጫቱ የወጡት ፎቶዎች

ለልጄ የሥራ ባልደረባ፤

አካም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ ልጄ? የባኮ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ወባውስ ቀለል አለ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ሲበርድ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ። ነገሩን በስልክ ስጀምረው ድምፄ እየተቆረጠ ስላስቸገረኝ ነው የጻፍኩልሽ። እጄ ቀርፋፋ ነው፣ ታገሺኝ።

የልጄን የሮብሳንን ላፕቶፕ ነገር ከሥሩ ልንገርሽ፤ አንቺ በስልክ የሰማሽው ግማሹን ነው። ልጄ ካረፈ ወዲህ ማንም አይነካውም ነበር። ታናሽ እህቱ ሃዋኒ ለትምህርቷ ስትከፍተው እየተንቀራፈፈ አስቸገራት። ከእህቴ ከአስካለች ጋር ሆነን አምቦ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ጥገና ቤት ወሰድነው። ጠጋኙ ፊራኦል ይባላል፤ ጨዋታ አዋቂ ነው። «ሃርሜ፣ እናቴ፣ ይሄ ሆዱ ሞልቷል፤ ኮሶ እናጠጣዋለን» አለኝ። የማጽጃውን ሶፍትዌር ማለቱ ነው።

ያኔ ነው የደወልኩልሽ። መጀመሪያ ያልሽኝ «እማዬ፣ ምንም እንዳይነካ ይበሉት» ነበር። ስልኩን ሰጠሁት። ምን እንዳልሽው በኋላ አስረዳኝ፤ ማጽጃው ከመጀመሩ በፊት ያለው ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ፣ የተገለበጠውም ተከፍቶ ይታይ፣ የተሰረዘው ሁሉ የሚገባበት የላፕቶፑ ቆሻሻ ቅርጫትም ሳይታይ አይደፋ፣ ማጽጃው ቀድሞ የሚያራግፈው እሱን ነው ብለሽዋል። «ቅርጫት ውስጥ ደግሞ ሰው ምን ያስቀምጣል?» እያለ ከፈተው።

ልጄ ነበር። የተመረቀ ዕለት የተነሳው፣ በቆሎ ማሳ መሃል የቆመበት፣ ከእኔ ጋር ያለው፣ ሁሉም እዚያ ነበር።

አስካለች ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «እኔ ነኝ እትዬ። ዓመቱ እስኪሞላ ፊቱን እንዳታዪው ብዬ ነው፤ ከዚያ ላወጣልሽ ነበር» አለችኝ። መቼም በእኛ አገር የሟች ፎቶ ከእናት ዓይን ይሸሸጋል። የግድግዳውንም አውርዳ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። የቢሮ ጸሐፊ ናትና ቅርጫቱ የገባበትን ይዞ እንደሚያቆይ ታውቃለች፤ ማጽጃ እንደሚደፋው ግን አላሰበችም። አልተቆጣኋት። ፍቅር ነው ያሠራት። ነገር ግን ያን ሰዓት ስልኩን ባታነሺልኝ ኖሮ ልጄን ሁለተኛ እቀብረው ነበር።

ፊራኦል ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ፎቶዎቹን ወደ ቦታቸው መልሶ፣ ሁሉንም ዲስክ ላይ ገልብጦ፣ እየከፈተ አሳየኝና ነው ማጽጃውን የጀመረው። አሁን ላፕቶፑ ሃዋኒ ጋ ነው፣ ዲስኩ እኔ ጋ። አንድ ላይ አታስቀምጧቸው ያልሽውን ሰምተናል። እጅሽ ይባረክ፤ ያስቀረሽልኝን ያህል እግዚአብሔር ይክፈልሽ።

ፎቶዎቹን በአንዴ አልችላቸውም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አያለሁ። ትናንት ወንጪ ጀልባ ላይ የተነሳችሁት ጋ ደረስኩ። የለበሽው ጃኬት እኔ የገዛሁለት ነው። አምሮብሻል። ልጄ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

የቀብሩ ዕለት ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ኋላ ቆመሽ፣ ነጠላሽን አፍሽ ላይ ይዘሽ አይቼሽ ነበር። ለሙት ዓመቱ ስትመጪ ድንኳን ውስጥ ከእንግዳ ጋር እንዳትቀመጪ። ነጠላሽን እንደ እኔ ዘቅዝቀሽ ከጎኔ ተቀመጪ። ማናት የሚል ቢመጣ መልሱን ለእኔ ተይው።

ማርያም በመንገድሽ ትቅደምልሽ። ሰው ሁሉ የመጣው ወደ እኔ ነበር፤ አንቺን «ያጽናሽ» ያለሽ የለምና እኔ ልበልሽ። እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ።

እናትሽ